በነገራ ልቅሶ የተነበበው መዝሙር

ሰምሀል ቀጨኔ አካባቢ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት የመጻሕፍት ገጽ ታቀናብራለች፤ ታርማለችም። ካቶሊክ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት የቁምስናዋ፣ ማለትም የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኗ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን ሲበተን፣ ያዘጋጀቻቸው ማስታወሻዎች ኮምፒውተር ውስጥ ከሚቀሩ ብላ ድረ ገጽ ከፈተች። የየእሑዱን ንባባት ማብራሪያ፣ የጥናት ጥያቄዎችና ካርታዎች ትጭንበታለች። ጎብኚው በሳምንት ከመቶ አያልፍም፤ አስተያየት የሚጽፍላትም የለም። ማን እንደሚያነበው አታውቅም ነበር።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከማታውቀው ቁጥር ተደወለላት።

«ሰምሀል የምትባዪው አንቺ ነሽ? ስልክሽን ድረ ገጹ ላይ አግኝቼ ነው። ጉታ እባላለሁ፤ ከሸጎሌ ነው የምደውለው።»

ጋሽ ጉታ ሥራ ያቆሙ አናጢ ናቸው። በሰፈራቸው ካሉት ጥቂት ካቶሊክ ቤተሰቦች ሰው ሲሞት፣ ልቅሶ ቤት ጸሎት የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ከሰምሀል ድረ ገጽ «ለሐዘን ቤት የሚሆኑ መዝሙራት» የሚለውን ዝርዝር ፕሪንት አስደርገው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አጥፈው ይይዛሉ። በዚያ ሳምንት ነገራ የሚባል የከብት ነጋዴ ሞቶ ነበር። በሠልስቱ ዕለት፣ ድንኳኑ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ዝርዝሩ «የምሕረት ልመና» የሚለውን መዝሙር ሃምሳ አንድን ገልጠው አነበቡ።

«የምሕረት ልመና አልነበረም» አሉ። «በክፋቱ የሚመካ፣ በምላሱ ሰው የሚጎዳ ኃይለኛን የሚወቅስ ነው። መጨረሻህ መነቀል ነው ይለዋል።»

«እስከ መጨረሻው አነበቡት?»

«መጀመሪያው ላይ ግር ብሎኝ ነበር። ግን እዚያ ከተጻፈ ምክንያት ይኖረዋል ብዬ ጨረስኩት።»

ነገሩ እዚህ ላይ አላበቃም። ነገራ ቁጡና አፈኛ ሰው ነበር። ከጋሽ ጉታ ጋር በአጥር ወሰን ተጣልተው ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም አይባባሉም ነበር። ቤተሰቡ «የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ተበቀለው» አለ። የነገራ ልጅ ሶሬሳ ክንዳቸውን ይዞ ከድንኳኑ አስወጣቸው።

ሰምሀል ስልኩን ሳትዘጋ ዝርዝሩን ከፈተች። ጥፋቱ ወዲያው ታያት። ዝርዝሩን የወሰደችው ከውጭ አገር ጽሑፍ ነበር፤ ጽሑፉ የዕብራይስጡን አቆጣጠር ይከተላል። ሰዉ እጅ ላይ ያለው የቆየው አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ የግሪኩንና የግዕዙን ነው የሚከተለው፤ አብዛኞቹ መዝሙራት ላይ በአንድ ይለያያሉ። የምሕረቱ ልመና በጋሽ ጉታ መጽሐፍ ሃምሳኛው ነው። የሌላውን ሰው ነጠላ ሰረዝ እያረመች የምትኖር ሴት የራሷን ቁጥር አላጣራችም።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሽ ጉታ።»

«ይሁን። ግን ይህን ለነሱ ማን ይንገራቸው? እኔን አይሰሙኝም።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቆጣጠራቸው የሚለያይ ሁለት መጽሐፍ ቅዱስና ዝርዝሩን ይዛ በሚኒባስ ሸጎሌ ወረደች። ጋሽ ጉታ ቤቱን ከመታጠፊያው ላይ አሳይተዋት እዚያው ቀሩ። በሩን የከፈተላት ሶሬሳ ነው።

«ጉታ ነው የላከሽ?»

«በራሴ ነው የመጣሁት። ያንን ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

የነገራ ሚስት እትዬ ታየች ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ሰምሀል አጠገባቸው ተንበርክካ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘረጋች፤ ቁጥሮቹን አሳየች። ሶሬሳ ቆሞ ሰማትና፣

«እና አባቴን የሰደበው ቁጥር ነው?» አላት።

«እኔ ነኝ። ሳላጣራ ጻፍኩ።»

እትዬ ታየች፣ «ነገራ አፉ ክፉ ነበር» አሉ። «አርባ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፤ ይህን ጉታ አይነግረኝም። ያቃጠለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ መነበቡ ነው።» ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «የታሰበው የትኛው ነበር? እስቲ አንብቢልኝ።»

ሃምሳኛውን አነበበችላቸው። እትዬ ታየች አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ያለ ድምፅ አለቀሱ። ሶሬሳ መሀል ላይ ጥሏቸው ወጣ፤ የተቆጣ መሰላት። አንብባ ስትጨርስ ግን በሩ ላይ ቆሞ አየችው።

«ለአርባው ይምጣ» አለ። «ይህንን ያንብብ። የአጥሩን ነገር ግን እንዳያነሳብኝ።»

ሰምሀል ዝርዝሩን አረመች። ድረ ገጹ አናት ላይም ምን እንደተሳሳተች፣ ፕሪንት ያደረጉ ሰዎች የትኛውን ገጽ መጣል እንዳለባቸው ጻፈች። አንዲት የቁምስናዋ ሴት «ይህን ካነበቡ ማን ያምንሻል? አንሺው» ብትላትም አላነሳችውም። ከዚያ የመቶ ሃምሳውንም መዝሙራት ቁጥር አንድ በአንድ አመሳከረች፤ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። በሌሎች ጽሑፎቿም አሥራ አንድ ስህተት አገኘች።

በአርባው ዕለት ሰምሀል ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች። ጋሽ ጉታ ተነስተው ቁጥሩን ጮክ ብለው ተናገሩ፤ ቀስ ብለው አነበቡ። ሲጨርሱ እትዬ ታየች ሶሬሳን በአገጫቸው ጠቆሙት፤ እሱም ወንበር አምጥቶ ጋሽ ጉታን ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀመጣቸው።

አሁን ሰምሀል ማንኛውንም ጽሑፍ ከመጫኗ በፊት ሐሙስ ሐሙስ ለጋሽ ጉታ ትልካለች። እሳቸው የራሳቸውን መጽሐፍ ገልጠው ቁጥሩን ሁሉ ያያሉ፤ ይደውሉላታል። ብዙ ጊዜ «ደህና ነው» ብለው ይዘጋሉ። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ስህተት አገኙባት፤ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም።