ክሊቭ የደበቀኝ ነገር

በምዕራብ አውስትራሊያ፣ በጄራልድተን ወደብ፣ መነጽር አድርጌ ሎብስተር የሚባለውን የባሕር እንስሳ ሳጠምድ ሃያ ዓመት አለፈኝ። ጨዋማው ውሃ በተረጨ ቁጥር ገመዱን ትቼ መነጽሬን እጠርጋለሁ። ዓይን ውስጥ የሚደረገውን ኮንታክት ሌንስም ሞክሬ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ዓይኔ ደም መሰለ። ታናሽ ወንድሜ ክሊቭ ባለፈው ዓመት ዓይኑን በሌዘር ከታከመ ወዲህ ግን አንቺም ታከሚ እያለ ጨርሶ ዕረፍት ነሳኝ።

“ግሌኒስ፣ አሥር ደቂቃ እኮ ነው! በነጋታው ጣሪያ ላይ ያለች ዝንብ ትታይሻለች።”

“ዝንብ አይቼ ምን ልሁን?” እለዋለሁ። በመጨረሻ እሺ አልኩትና ፐርዝ ከተማ፣ እሱ በታከመበት ክሊኒክ ቀጠሮ ያዘልኝ።

በዋዜማው ተነሣን፤ የሚነዳው እሱ ነው። ነዳጅ ማደያ ቆመን ከመጸዳጃ ቤት ስመለስ፣ ክሊቭ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ዓይኑ ውስጥ ጠብታ ሲያደርግ አገኘሁት። እንዳየኝ ብልቃጧን ኪሱ ከተታት።

“ምንድን ነው እሱ?”

“አቧራ ገብቶብኝ ነው።”

አቧራ ይገባብኛል ብሎ ብልቃጥ ይዞ የሚዞር ሰው አላውቅም። መኪናው ውስጥ ገባሁ፤ ዓይኔን ግን ከእሱ ላይ አልነቀልኩም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መኪኖች መብራታቸውን አበሩ። ክሊቭ መሪውን ጭምቅ አድርጎ ይዞ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሦስት ተሳቢ የሚጎትት የጭነት መኪና ከፊታችን ብቅ ሲልማ ጭራሽ ከመንገዱ ወጥቶ ቆመ።

“ደክሞኛል፣ አንቺ ንጂ።”

“አንተ? እስከ አገሩ ሰሜን ጫፍ፣ እስከ ዳርዊን ሳታርፍ የምትነዳው?”

“ንጂ አልኩሽ፣ አንቺ ነገረኛ!”

ነዳሁ። በወፍራሙ መነጽሬ መንገዱ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ለምንድን ነው የሚዋሸኝ? ሰው ካመጣህ ብለው የክሊኒኩ ሰዎች የሆነ ነገር ቃል ገብተውለት ይሆን? በገዛ ወንድሜ ላይ እንዲህ ማሰቤ አሳፈረኝ፤ ሐሳቡ ግን አልለቀኝም።

ጠዋት ክሊኒኩ ውስጥ የዓይን ሐኪሟ ዶክተር ናይዱ መረመረችኝና ለቀዶ ሕክምናው ምንም የሚከለክለኝ ነገር እንደሌለ ነገረችኝ። ክሊቭ አጠገቤ ተቀምጧል።

“ዶክተር፣ ከሌዘሩ በኋላ መብራት የሚያስቸግረው ሰው አለ?” አልኳት።

“አለ። አንዳንዱ በመብራት ዙሪያ ቀለበት ያያል፤ ዓይኑም ይደርቃል። ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል። ያልተሻለው ተመልሶ መታየት አለበት።”

ወደ ክሊቭ ዞርኩ። ወለል ወለሉን ያያል።

“አንተ ተመልሰህ ታየህ?”

ጆሮው ቀላ። “አልታየሁም” አለ። “ወደብ ላይ ለስንቱ ጉራ ነዝቼ፣ ኋላ እንዴት ብዬ ልናገር? አንቺም ከተሠራሽ... ቢያንስ ብቻዬን አልሆንም ብዬ ነው።”

በጥፊ ላጮለው እጄን በላኝ። ፊቱን ሳየው ግን ያ መርከብ ላይ ሲዘፍን የሚውለው ሰውዬ አልነበረም፤ በጣም ፈርቷል። ከወንበሩ ተነሣሁ።

“ዶክተር፣ የእኔን የቀጠሮ ሰዓት ለእሱ ይስጡልኝ።”

ዓይኑ ክፉኛ ደርቆ ተገኘ። ትክክለኛ መድኃኒት ታዘዘለት፤ ክረምቱ ሳይወጣ ቀለበቶቹ ቀነሱለት፣ ጨርሰው ባይጠፉም። አሁን ወደብ ላይ ስለ ሌዘር የሚጠይቀው ሲመጣ ጥሩውንም መጥፎውንም ዘርዝሮ ይነግረዋል።

እኔ ሌላ ቀጠሮ አልያዝኩም። እሱም አንድ ቀን አልጠየቀኝም።