ደወሉ ሲመታ

ባለቤቴ ሎየል የባቡር ማቋረጫ ወዳጅ ነበር። ባቡሩን አላልኩም፤ ባቡር የሚወድማ ሞልቷል። የእሱ ፍቅር መኪና ከሚያስቆመው ቀይ መብራት፣ ከሚወርደው ማገጃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከደወሉ ጋር ነበር። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ሌላው ሰው ምሳው ላይ ሲቀመጥ፣ እኛ በቆሎ እርሻ መሃል መኪና አቁመን፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገን ባቡር እንጠብቃለን። ይሄ ነው ትዳር!

እንደ እሱ ደወል በካሴት የሚቀርጹ ሰዎች አንድ የማይጣስ ደንብ አላቸው። ደወሉ መምታት ከጀመረ ማገጃው ተመልሶ እስኪነሳ ድረስ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ መቅረጫው ይሰማላ። አንድ ክረምት ግን ብርዱ አጥንቴ ድረስ ዘልቆ፣ ደወሉ እየመታ ቃል ከአፌ አመለጠኝ። ሎየል መቅረጫውን ዘጋው። ቤት እስክንደርስ አላናገረኝም። በማግስቱ "የተቀረጸውን አጠፋሁት" አለኝ፣ በዚያው ተረሳ።

አምና በረዶው ሳይቀልጥ ሞተ። መልኩስ በየግድግዳው አለ፤ ድምፁ ግን ከጆሮዬ እየጠፋ ነው። "አርሊን" ብሎ ሲጠራኝ እንዴት ነበር? ማስታወስ ሲያቅተኝ ፈራሁ። የደወል ጓደኛውን ቨርጂልን ጠራሁትና ካሴቶቹን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን መስማት ጀመርን።

"ይቺን ስሚያት" አለ ቨርጂል ዓይኑን ጨፍኖ። "ከእህል ጎተራው አጠገብ የነበረችው ናት። አንዷ ምቷ ታነክሳለች። ዛሬ እኮ ነቅለው ድምፅ ማጉያ ሰቀሉበት።"

"ደወሉን ምን አባቱ ላድርገው? የሎየልን ድምፅ ፈልግልኝ ነው ያልኩህ።"

"የሎየልን? ሰውዬው እኮ በሠርጋችሁ ቀን እንኳ 'አዎ' ያለው በጭንቅላቱ ነው።"

ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ወደ እንባ ዞረብኝ። ደወል፣ ባቡር፣ ደወል። በዚያ ሁሉ ካሴት ውስጥ የሰው ድምፅ የለም።

"ደንብ አክባሪ ነበር" አለ ቨርጂል አንገቱን ደፍቶ።

"ደንባችሁ ገደል ይግባ!"

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የሎየል ዝምታ ግን ነቀዘብኝ።

ከካሴቶቹ ሳጥን ታች ምንም ያልተጻፈበት ካሴት ቀርቶ ነበር። ቨርጂል ማጫወቻው ውስጥ ከተተው። ደወሉ ጀመረ፤ ከዚያ አንዲት ሴት ጮኸች። "ሎየል፣ በብርድ ልሞት ነው እኮ! ይሄ ቆርቆሮ ምኑ ይሰማል? እንሂድ በቃ!"

እኔ ነኝ። አጠፋሁት ያለኝን ደብቆ አኑሮታል።

ደወሉ መምታቱን አላቆመም። ከዚያ ከመቅረጫው አጠገብ አንድ ሰው አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ሎየል ስሜን ከመጥራቱ በፊት ሁልጊዜ እንዲያ ነበር የሚስበው። አሁን ሊጠራኝ ነው ብዬ ጠረጴዛውን ጨበጥሁ።

ካሴቱ ውስጥ መቅረጫው ቀጭ ብሎ ተዘጋ።

"መልሰው" አልኩ።

ቨርጂል መለሰው። ትንፋሹ ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ዝም አልን።