የሚሸሽ ዋጋ

ፉጨት የሚለውን ስም ያወጣላት ወንድሟ ነው። ልጅ ሳለች የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ በተናገረች ቁጥር አየሩ እያፏጨ ሲወጣ ሰምቶ «ነይ እስቲ አንቺ ፉጨት» አላት፤ ስሙም እንደ ሙጫ ተጣብቆባት ቀረ። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ ያሳደጋት እሱ ነው። ልብስ ሰፊ ነው። እሷም «ጋሼ» እንጂ በስሙ ጠርታው አታውቅም። አድጋ በከተማው ኦርኬስትራ ክላርኔት ነፊ ሆና ስትቀጠር፣ ጋሼ ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣው ሁሉ «እኔ ነኝ እኮ ገና በልጅነቷ ሥራዋን ያወቅኩላት» እያለ ይኩራራ ነበር።

ክላርኔቷ ከሌላ እጅ የተገዛ ነው። ጥሩ መሣሪያ ነበር፤ ነበር ማለት ብቻ ነው። አንድ በጋ አየሩ ደርቆ ሰነበተና የላይኛው ክፍል ከቁልፎቹ ሥር ተሰነጠቀ። አንድ መሣሪያ ጠጋኝ በሙጫ ደፈነላት። ደረቅ ወር በመጣ ቁጥር ግን ስንጥቁ እንደገና አፉን ይከፍታል። ያኔ ዝቅ ያለው ድምፅ ይታፈናል፣ ከፍ ያለው ደግሞ ጅራቱን እንደተረገጠ ድመት ይጮኻል። ፉጨት ከልምምድ በፊት ስንጥቁን በሰም ትደፍንና፣ እፍ ባለች ቁጥር «ዛሬን ብቻ አደራህን» ትለዋለች።

መሀል ከተማ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ አለ። ከመስታወቱ ኋላ፣ ሰማያዊ ከፈይ በለበሰ ሣጥን ውስጥ፣ ባለሙያ የሚነፋበት አዲስ ክላርኔት ተኝቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋውን የጠየቀች ቀን የጋሼን አዲሱን የስፌት መኪና ያህል ያወጣ ነበር። ሳቀች።

«አትሳቂ፤ ሳይጨምር ውሰጂው» አላት ባለሱቁ። ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ ሰውዬ ነው።

«የሚመጣው ዓመት ይሻለኛል» አለች።

ዓመቱ ሲመጣ ዋጋው ሞተር ሳይክል አከለ። እሷ ከደመወዟ እየቆነጠረች ማስቀመጥ ጀመረች፤ ጫማ መግዛት ተወች፣ አውቶቡሱንም ትታ በእግሯ ትመላለስ ጀመር። ያስቀመጠችው ሞተር ሳይክሉን ሊደርስበት ሲል ክላርኔቱ ያገለገለ ታክሲ የሚገዛ ሆነ። ባለሱቁ የዋጋዋን ወረቀት ሲቀይር ከደረሰችበት ያፍርና ወረቀቷን በመዳፉ ይሸፍናታል።

«ምን ላድርግሽ የኔ እህት?» አላት አንዴ። «እንጨቱ እስኪደርስ የሰው ዕድሜ ይፈጃል፤ ዛፉም እያለቀ ነው። ሠሪዎቹ በየዓመቱ ትንሽ ይጨምራሉ፣ የኛ ገንዘብ ደግሞ በየዓመቱ ትንሽ ይሳሳል። እኔና አንቺ መሀል ላይ ቆመን እንጨፈለቃለን።»

«ታዲያ ማን ይገዛዋል?»

«ማንም። አንቺ ታዪዋለሽ፣ እኔ አቧራውን እጠርጋለሁ።»

በኦርኬስትራው ውስጥ እሷ ሁለተኛ ነፊ ናት። አንደኛው መምህሯ ነው፤ ገና በልጅነቷ ጣቶቿን አንድ በአንድ ቀዳዳው ላይ ያስቀመጠላት፣ ድሃ መሆኗን አይቶ አንድ ቀን እንኳ ክፍያ ያልጠየቃት ሰው። ዓይኑን ሞራ ሸፍኖት ኖታውን ማንበብ ሲያቅተው ጡረታ ወጣ። ወንበሩም ለውድድር ቀረበ። የኦርኬስትራው መሪ በኮሪደር አስቁሞ «ትንፋሽሽ ላይ ጥያቄ የለኝም» አላት። «ግን በዚያ የተሰነጠቀ ነገር አንደኛ ወንበር ላይ ላስቀምጥሽ አልችልም። አንድ ነገር አድርጊ።»

ማታ ለጋሼ ነገረችው። እሱ መርፌውን ከአፉ ሳያወጣ «እህ» ብቻ አለ። ከሳምንት በኋላ ወደ ልብስ ስፌት ሱቁ ስትገባ ሁለቱ የስፌት መኪናዎች ከነበሩበት ቦታ አንደኛው፣ አዲሱና ፈጣኑ፣ የለም። ወለሉ ላይ የእግሮቹ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

«ጋሼ! ምን አደረግክ?»

«ሁለት እግር ነው ያለኝ፤ ሁለት መኪና ምን ይሠራልኛል? ያስቀመጥሽውን ያዢና ነይ፣ ሳይዘጋ እንድረስበት።»

ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሄዱ። ጋሼ ለሠርግ ብቻ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ ነበር። ባለሱቁ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያያቸው የገባው ይመስል ፊቱ ጠቆረ። አዲሱ ዕቃ በአዲሱ ምንዛሪ ገብቶ ዋጋው ባለፈው ሳምንት ተቀይሯል። ጋሼ ወረቀቷን ወደ ብርሃን አስጠግቶ አነበበና ወደ ኋላዋ ገለበጣት፤ እዚያ ሌላ ዋጋ የተጻፈ ይመስል።

«አሮጌውን እንያዝልሽና ከላዩ ጨምሪበት» አለ ባለሱቁ፣ ለመርዳት ፈልጎ። ክላርኔቷን ከሣጥኑ አውጥቶ ወደ መስኮቱ ዘረጋው፤ በውስጡ አየ፣ ስንጥቁን በጥፍሩ ዳሰሰ፣ ሰሙን አገኘ። ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

«ስንት ያወጣል?» አለ ጋሼ።

«ጌታዬ፣ ቫዮሊን ቢሆን ባረጀ ቁጥር ይወደድ ነበር። ክላርኔትን ግን ትንፋሽ ይበላዋል። እርጥበቱ ቀዳዳውን ያጣምመዋል። ሳይሰነጠቅም ቢሆን ያረጀ ክላርኔት ማንም አይገዛም። አዲሱ እየወጣ ይሄዳል፣ አሮጌው እየወረደ።»

ጋሼ ኮቱን ቆለፈ። ፉጨት ሣጥኗን አንሥታ ተከተለችው።

ውድድሩ በደረቁ ወር ዋለ። ፉጨት ስንጥቁን ሁለት ጊዜ በሰም ደፈነች። እስከ ግማሹ ድረስ እንደ ውኃ ፈሰሰላት፤ ከዳኞቹ አንዱ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ረጅሙ፣ ለስላሳው ድምፅ ላይ ስትደርስ መሣሪያው ጮኸ። አንዴ ብቻ ነው የጮኸው፤ ከዚያ በኋላ የነፋችውን ግን ማንም አልሰማም። ወንበሩ ከሌላ ከተማ ለመጣ፣ አባቱ አዲስ ክላርኔት ለገዛለት ወጣት ተሰጠ። ጥሩ ነፊ ነው፤ ለመጥላት እንኳ አልተመቻትም።

ጋሼ የስፌት መኪናውን ሊያስመልስ ከገዛው ሰው ዘንድ ሄደ። ሰውየው አልጠላም፤ ዋጋው ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። «ሁሉም ጨምሯል እኮ፣ ጋሼ» አለው። የፉጨት ቁጠባ ቢጨመርበትም አልሞላም። በቀረችው አሮጌ መኪና የሚደርሰው ሥራ ኪራይ አልሸፍን ሲለው ሱቁን ዘግቶ ሌላ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጠረ፤ ቀኑን ሙሉ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ኪስ ይሰፋል። መኪናው የተሸጠበት ገንዘብ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ በየወሩ ሳይነካ ያንሳል።

መምህሩ ያስጠራት በዚህ መሀል ነው። ሚስቱ በሩን ከፈተችላት። እሱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ የክላርኔቱን ሣጥን ጭኑ ላይ አድርጎታል።

«ፉጨት ነሽ? በኮቴሽ አወቅኩሽ። ሐኪሙ ሞራው ይገፈፋል ብሎኛል፤ ግን ያስከፍላል። እኔ ደግሞ ለዚህ ቀን ያስቀመጥኩት አለኝ።» ሣጥኑን መታ መታ አደረገው። «አዲሱ ክላርኔት ታክሲ የሚገዛ ከሆነ ይኼ ግማሹን አያወጣም? ስንጥቅ የለው፣ ጭረት የለው። ባለሱቁን ታውቂዋለሽ፤ አንቺ ሽጪልኝ።»

ክላርኔቱን ተቀብላ ወጣች። ባለሱቁ አንድ ድምፅ ነፍቶበት ራሱን ነቀነቀ። «አልቋል። ዕድሜ ልኩን ነፍቶታል እኮ። ለቤት ጌጥ የሚፈልግ ቢገኝ...» ብሎ የጠራው ገንዘብ ለሣጥኑም አይበቃም።

ማታ ጋሼ እግሩን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሮ ሳለ ሁሉንም ነገረችው። የምትለምነውን ነገር ለመናገር ግን አፏ አልታዘዝ አላት።

«በይው» አለ ጋሼ።

«የመኪናህን ገንዘብ...»

«ክላርኔት አይገዛ፣ መኪና አይመልስ። ቁም ሣጥን ውስጥ ከሚሞት ለዓይን ይሁን። ስጪው።»

«ጋሼ፣ ያንተ ላብ ነው።»

«ስጪው አልኩሽ! ደግሞ ሐሳቤን ሳልቀይር።»

በማግስቱ ክላርኔቱን ቤት ትታ፣ ገንዘቡን ይዛ ሄዳ ለመምህሩ «ተሸጠ» አለችው። እሱ ገንዘቡን በጣቶቹ እየዳሰሰ ሳቀ። «አላልኩሽም? ዕቃ ማለት እንዲህ ነው!» ሚስቱ ግን ፉጨትን ቀና ብላ አየቻትና ዓይኗን መለሰች።

አንዱ ዓይኑ ዳነ። ፉጨት ልትጠይቀው የሄደች ቀን ፊቷን እያገላበጠ አየ፤ «አርጅተሻል እኮ አንቺ ልጅ» አለ። ሻይ ቀረበ፣ ተሳሳቁ። ከዚያ ስለ ገዢው ጠየቃት። «ማን ነው? የት ይነፋል? አንዴ ብቻ ሄጄ ልስማው።» እሷ አንዱን ስትለው ሌላው እየተነሣ፣ ውሸቱ እጇ ላይ ተተረተረ። መምህሩ አሁን የሚያይ ዓይን አለው፤ ያለቀውን የጫማዋን ሶል አየ፣ የኮቷን እጅጌ አየ።

«ሱቁ ስንት አለ?» አላት።

ነገረችው።

«ለሣጥኑም አይሆን» አለ ቀስ ብሎ። «ታዲያ ዓይኔን ማን ነው የገዛው?»

«ወንድሜ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች።

በሚቀጥለው ሳምንት ስትሄድ ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ «ተኝቷል» አለቻት። ከዚያም ወዲያ ስትሄድ ተኝቷል። አንድ ቀን ከውስጥ ሲያስል እየሰማችው «ተኝቷል» ተባለች፤ ሚስቱ ይህን ስትል ዕንባዋ ሞልቶ ነበር። «አትቀየሚው የኔ ልጅ። ፊትሽን ማየት አቃተው። ባላይ ይሻለኝ ነበር ይላል።»

ፉጨት ደረጃውን ወረደች። ጋሼ ከሥራ ወጥቶ መንገዱ ዳር እየጠበቃት ነበር፤ የዩኒፎርሙ ሰማያዊ ክር እጅጌው ላይ ተጣብቋል።

«እንዴት ነው ሰውዬው?» አላት።

«ደኅና ነው። ያያል።»

«ይኸውልሽ» አለ ጋሼ ደስ ብሎት፤ ክንዷንም ያዘ። አውቶቡሱ ሞልቶ ሳይቆምላቸው አለፈ። በእግራቸው ሄዱ።