ፊት ያልተሠራለት ጠፈርተኛ

«ፎቶው የታለ?» አሉ ከሀደሮ የመጡት ሴትዮ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እንደያዙ።

ለቅሶ የሚደርስ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚሆነው። ከድንኳኑ በር ጀምሮ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያለ ይገባል፤ ጥቁር ጨርቅ ወደለበሰችው ትንሽ ጠረጴዛ ይሄዳል፤ ጠረጴዛዋ ላይ ምንም የለም። እዚያ ሲደርስ ለቅሶው ጭቃ እንደያዘው ጋሪ ቀጥ ይላል። ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ያፍራል፣ ይቀመጣል። ሬሳ የለም፤ ኤሊያስ የተቀበረው ሰሜን ነው፣ ያውም ከተቀበረ። የሞቱን ወሬ ያመጣው ከግንባር አንድ እግሩን ትቶ የተመለሰ የሆሳዕና ልጅ ነው።

ሚስቱ ውቢት ለጠየቃት ሁሉ አንድ መልስ ነበራት። «ለመታወቂያ የተነሳት አንዲት ፎቶ ነበረች፤ እሷንም ኪሱ ከቷት ሄደ።» በሠርጋቸው ቀን ፎቶ አንሺ ከዱራሜ ይመጣል ተብሎ መኪና ተበላሽቶበት ቀርቷል። ያን ቀን ኤሊያስ ስቆ፣ «እኔ እያለሁ ፎቶ ምን ይሠራል? ሁለታችንንም እኔው እስላለሁ» ብሏት ነበር። የትውልድ ቀየውን የሌሞን ሰው ሣለ፣ የጨረቃን ሰው ሣለ፣ ሰው ያልሆነውንም ሁሉ ሣለ። ራሱን ግን አንድም ቀን ሳይስል ሄደ።

የባሰው ጭንቀት እናቱ ነበሩ። እማማ ገነቴ መርዶው ከተነገራቸው ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አላወጡም። ፍራሹ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው የመጣውን ሰው፣ «ደህና ነህ ወይ? ልጆችህስ? ገብሱ እንዴት ያዘላችሁ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ እንጂ ልጅ የሞተባቸው አይመስሉም።

የኤሊያስ አጎት አቶ ዋለ ጠጋ ብለው፣ «ገነቴ፣ አልቅሺ እንጂ። ጌታም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል» አሏቸው። ጸሎት ቤቱ በመንግሥት ከመታሸጉ በፊት የምእመናኑ ሽማግሌ ነበሩ፤ አሁንም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ጌታን የሚጠሩት።

«ምኑን አይቼ ላልቅስ ዋለ? ሬሳውን አላሳያችሁኝ፣ ፊቱን አላሳያችሁኝ። አዲስ አበባ እያለም ወሬው ጠፍቶ ነበር። በኋላ መጣ አይደል?»

ንፍሮ የምታዞረው ጎረቤት ብርቅዬ ወደ ውቢት ጆሮ ጎንበስ አለች። «እንባ ውስጥ ከቀረ ሰው ይገድላል፤ አክስቴን ያየሁት ነው። አንድ ነገር አድርጊ እቱ።»

ውቢት ምን ማድረግ እንደምትችል ታውቅ ነበር። ከአልጋው ጀርባ በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር አለ። ስለምታውቅም ነው ልቧ የፈራው።

ኤሊያስ ሥዕል የጀመረው በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። አስተማሪው የሕዝቅኤልን ራእይ ሲያነቡ ሌሎቹ ልጆች ያዛጋሉ፤ እሱ ዙሪያቸውን ዐይን የሞላባቸውን መንኮራኩሮች በከሰል ግድግዳው ላይ ይሠራል። መንኮራኩሮቹ የጋሪ ጎማ ነበሩ፤ ዐይኖቹ ደግሞ የክፍሉ ልጆች ዐይን። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ኃጢአት ነው ወይስ ስጦታ ሲሉ ተከራከሩ። አባቱ አቶ ሳህሉ ተነስተው፣ «ልጁ ከመጽሐፉ የወጣበት ነገር የለም፤ ጎማም ዐይንም እዚያው አለ» ቢሉ ነገሩ በሳቅ አለፈ።

አብዮቱ ሲመጣ የሕዝቅኤል ነገር ቀረና የሶሻሊዝምን ሦስት ጢማሞች በየአደባባዩ እንዲሥል ታዘዘ። ሠራቸው። እጁ ጥሩ ነው ተባለና አዲስ አበባ ደረሰ። ለወጣቶች የሚታተም አንድ መጽሔት ወደ ከዋክብት ስለሚጓዙ ሰዎች ልቦለድ በተከታታይ ያወጣ ነበር። ለዚያ ሥዕል መሥራት ጀመረ፤ የሕይወቱም ደስታ ያ ሆነ። የጠፈር መርከቡን ጣሪያ ከውስጥ ሲሥል የአባቱን ቤት ጣሪያ ነው የሠራው፤ መካከል ላይ ምሰሶው፣ ከምሰሶው ዙሪያውን የተዘረጋው ማገር። ጨረቃ ላይ በመስታወት ቤት ውስጥ እንሰት አበቀለ።

«ጨረቃ ላይ እንሰት አለ እንዴ?» አለው አዘጋጁ።

«ሰዎቹ ይኖሩበታል ብላችሁ ጽፋችሁ የለም? ታዲያ ምን ሊበሉ ነው?»

ያ ሥዕል ታትሞ ሆሳዕና ሲደርስ አንድ ሳምንት ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረም። ኤሊያስ ከዚያ በኋላ ለስድስት ያህል መጻሕፍት ሣለ፤ ባሕር ሥር ያሉ ከተሞች፣ ክንፍ ያላቸው ፈረሶች፣ በሁለት ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌዎች። እሱን ያጠፋው አንድ በሬ ነው። በአንዱ ልቦለድ ላይ ሩቅ ፕላኔት የሚገዛ ክፉ አውሬ ነበር፤ ኤሊያስ መንጋጋውንና ግንባሩን ከአባቱ በሬ ወሰደ። ሥዕሉን ለመንግሥት የሚመረምሩ ሰዎች አስጠሩት።

«ይሄ ፊት ማንን ይመስላል?»

«የአባቴን በሬ።»

«የአባትህ በሬስ ማንን ይመስላል?»

ኤሊያስ ትንሽ ፈገግ ብሎ ነበር፤ እሷ ፈገግታ ሥራውን አሳጣችው። ብሩሾቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሆሳዕና ተመለሰ፣ ከፊደል ሠሪው ጓደኛው ከረሻድ ጋርም ታፔላ መሥራት ጀመረ። ረሻድ ፊደሉን፣ ኤሊያስ ሥዕሉን። የዳቦ ቤቱ ታፔላ ላይ ዳቦዎቹ ክንፍ ሳይኖራቸው በደመና መካከል ይበርሩ ነበር። አገር ሳቀ፤ ኤሊያስም አብሮ ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን ዝም ይል ነበር። ማንም ያላዘዘውን፣ ማንም የማያትመውን ሥዕል የጀመረው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ከታፔላ በተረፈ ኮምፔንሳቶ ላይ ነበር የሠራው። የሌሞ ማሳ፣ ማሳው ላይ ሁለት ጨረቃ፣ ከእንሰቱ ዳር ደግሞ የጠፈር ቆብ ያጠለቀች፣ የሟች አባቱን ረጅም ካፖርት የለበሰች ሴት ብቻዋን ቆማለች። ሴትዮዋ ውቢት ነበረች። ክረምቱን ሁሉ መስኮቱ አጠገብ ካፖርቱን ለብሳ ቆማለታለች። «አትንቀሳቀሺ» ይላታል። «ዝንብ ብታርፍብሽ እንኳ እንዳትነኪያት። አንዴ ከነካሻት ብርሃኑ ይሄድብኛል።» እግሯ ይደነዝዛል፣ ትስቃለች፣ ይቆጣታል፣ እሱም ይስቃል። የቀረው ከቆቡ መስታወት በስተጀርባ ያለው ፊት ብቻ ነበር፣ ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙን ሲጠራ።

«ፊትሽን ስመለስ ነው የምሠራው» አላት። «በችኮላ የሚሠራ ፊት አይደለም።»

«ብትቀርስ?»

«ታዲያ ይቺን ሴትዮ ያለ ፊት ትቻት ልቀር ነው?»

መስታወቱን ባዶ ትቶ ሄደ። ውቢት በዚያ ባዶ ቦታ ተማምና ነበር የኖረችው። ሥራውን ሳይጨርስ የሚቀር ሰው አልነበረም።

እና አሁን ተነሳች። ከአልጋው ጀርባ ሥዕሉን አወጣች፣ አንሶላውን ገፈፈች፣ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ጥቁሯ ጠረጴዛ ላይ አቆመችው።

እማማ ገነቴ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩ። ፊት የለም፤ ካፖርቱን ግን አወቁት። ሦስተኛዋ ቁልፍ ከሌሎቹ ትለያለች፤ የጠፋችውን ተክተው ቡኒዋን የሰፉት ራሳቸው ናቸው። ኤሊያስ እሷንም አልዘለላትም።

«የሳህሉ ካፖርት» አሉ። «ልጄ ነው። የአባቱን ካፖርት ለብሶ ነው የሄደው።» ከፍራሹ ወርደው በጉልበታቸው ወደ ጠረጴዛዋ ተጠጉ። «ለምን ፊትህን ሸሸግህብኝ? እናትህ አይደለሁም ወይ?» ከዚያ የታመቀው ሁሉ አንድ ላይ ወጣ፤ ድንኳኑም አብሯቸው አለቀሰ። ብርቅዬ ሰፌዱን ይዛ ቆማ አለቀሰች፤ ዋለ ፊታቸውን በባርኔጣቸው ከለሉ።

ትንሽ ሲረጋጉ ወደ ውቢት ዞሩ። «እሱ ነው አይደል ልጄ?»

እኔ ነኝ ልትል አፏን ከፈተች። ካፖርቱም እቤት ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። በዚህ ዓለም ላይ እኔ ነኝ የምትለው ያን ሥዕል ብቻ ነበር። እማማ ገነቴ አፍ አፏን ያያሉ።

«እሱ ነው እማማ» አለች።

ከዚያ በኋላ ለቅሶው ለቅሶ ሆነ። ሰው ገብቶ የሚያለቅስበት አገኘ። ከሌሞ የመጡ ሽማግሌ ሁለቱን ጨረቃዎች አይተው የት አገር ነው ብለው ቢጠይቁ፣ ዋለ ብዙ አስበው፣ «ሰማይ ቤት ይሆናል» አሏቸው። ውቢት ጥግ ላይ ተቀምጣ ባዶውን መስታወት ታያለች። ባሏን አጣች፤ አሁን ደግሞ እሱ ያስቀመጠላት ቦታ ከዐይኗ ሥር ሲወሰድ ታያለች፣ ግን ማንን ትከሳለች?

ድንኳኑ በሚፈርስበት ዕለት ጠዋት እማማ ገነቴ ሥዕሉን ሌሞ ይዘው እንደሚሄዱ ተናገሩ። «ፊቱ ብቻ ቢታየኝ» አሉ። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ረሻድ በር አጠገብ ተቀምጦ ነበር። «እኔ ፊደል ሠሪ ነኝ እማማ። ግን ከኤሊያስ ጋር ስንት ዘመን ውያለሁ፤ ከፈቀዳችሁልኝ እሞክራለሁ።»

ቀለሙንና ብሩሹን ይዞ መጣ። ሥዕሉን ወደ ብርሃን አውጥቶ ሲያየው ግን፣ የባለሙያ ዐይን ነውና፣ የውቢትን ትከሻ ለየው። ወደ ውቢት ተጠጋ።

«ውቢት፣ ይሄ እኮ…»

«አውቃለሁ። ሥራላቸው።»

«ብርሃኑ ፊት ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ካላየሁ የተለጠፈ ነው የሚመስለው። ካፖርቱን ለብሶ የሚቆምልኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

ከቤት ወጥቶ የመጣውን ካፖርት ሲያዩ እማማ ገነቴ ፊታቸው ተለወጠ፤ ለብሶት አልሄደም ማለት ነው። ዋለ ሞከሩት፤ ቦርጫቸው አልገባ አለ። ውቢት ከእጃቸው ተቀብላ ለበሰችው። ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ሄዳ እንደዚያ ክረምት ቆመች፤ አገጯን ትንሽ ቀና፣ ግራ እግሯን ትንሽ ወደ ኋላ አድርጋ።

«ዓይኖቹ እንዴት ነበሩ?» አለ ረሻድ ቀለሙን እያላወሰ።

«ጠባብ ናቸው። ሊስቅ ሲል ግራው ይቀድማል።»

«ቅንድቡስ?»

«የቀኙ ጫፍ ላይ ጠባሳ አለ። ከጋሪ የወደቀ ጊዜ ነው።» እንባዋ ወረደ፤ እጇ ሊጠርገው ተነሳ።

«አትንቀሳቀሺ» አላት ረሻድ፣ ሳያስበው። ያን ቃል ከማን እንደተማረው ሁለቱም ያውቃሉ።

እጇን መለሰች። እንባው በጉንጯ ላይ ወርዶ አፏ ዳር ቆመ፣ ሌላው ተከተለው፣ እሷ ግን አልነካችውም።

እማማ ገነቴ ከተቀመጡበት አዩዋት። የካፖርቱ እጅጌ ጣቶቿን ሸፍኗል። ሥዕሉን አዩ፤ እዚያም እጅጌው ጣቶቹን ሸፍኗል። ኤሊያስ ያን ካፖርት ሲለብስ እጅጌው አጥሮት አንጓው ይታይ ነበር፤ ስንቴ ላስረዝምልህ ብለውታል። እንደገና ሥዕሉን አዩ፣ እንደገና ምራታቸውን። ሥዕሉ ላይ ያለችው የልጃቸው ሚስት እንደሆነች፣ ልጃቸው ፊት አስቀርቶ የሄደው ለእሷ እንደሆነ ገባቸው። በእነዚህ ሁሉ ቀናት ሥዕሉን ሲያቅፉትና ሲስሙት፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ አንድ ቃል አለመናገሯም ገባቸው።

ረሻድ ብሩሹን ነክሮ ወደ መስታወቱ አስጠጋ።

«ረሻድ» አሉ።

«አቤት እማማ።»

«የልጄን ፊት ተወው። ያቺን ፊትህ የቆመችውን ሥራ።»

መሬቱን ተመርኩዘው ተነሱ። ውቢት ልትናገር ወደ እሳቸው መዞር ጀመረች። ቀስ ብለው ሄደው አጠገቧ ደረሱ፣ ብርሃኑን እንዳይከልሉ በጎን በኩል፣ በነጠላቸውም ጫፍ ጉንጯን አደረቁላት።

«አትንቀሳቀሺ ልጄ» አሏት። «እኔ እጠርግልሻለሁ።»

የነጠላቸውን ጫፍ እንደያዙ፣ የሚቀጥለው እስኪወርድ አጠገቧ ቆሙ።