የወህኒ ቤቱ ማር

የከተማችን አሮጌ ወህኒ ቤት ሙዚየም ሲሆን አስጎብኚ ያደረገኝ ትምህርቴ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ታስሬበታለሁ። "ከነባር እስረኛ የተሻለ ማን ያውቀዋል?" ብለው ቀጠሩኝ። ዘመድ ሲያፍርብኝ የኖረው እስር እንጀራዬ ሆነ።

ለጎብኚ ሁሉ "ያልነካሁትን የንብ ቀፎ ሰረቅህ ብላ አንዲት ክፉ ሴት አሳሰረችኝ" እላለሁ። እንባቸው ይመጣል። ባለቤቴ ብርቅዬም ንጹሕ ነው እያለች ሃያ ስድስት ዓመት በማርያም ስትምልልኝ ኖራለች። በእኔው ጦስ ከከሳሼ ከይማርሽ ጋር ሰላምታ እንኳ የላቸውም፤ ገነተ ማርያም ለንግሥ ሲሄዱ አንዷ በመጣችበት ሌላዋ መንገድ ትቀይራለች። እውነቱን ብርቅዬ ያወቀች ዕለት ጉዴ ፈላ።

ይማርሽ ሙዚየሙ ከተከፈተ ወዲህ በሩ ላይ ነጭ ማር ትሸጣለች። አንድ ቀን ገበያ ቀዝቅዞባት ጎብኚዎቹን ተከትላ ገባች። "ክፉ ሴት" ስል ሰማችኝ።

"አንተ ደባሱ! የዚያ ማር ጣዕሙ እንዴት ነበር?" አለች።

የላስታ ሰው ስለ ማር ተጠይቆ ዝም ይላል? "ጣዕሙማ! እንደ እርጎ ነጭ፣ ጉሮሮ ሳይከረክር የሚወርድ! እንደዚያ ያለ ማር ከዚያ ወዲህ አልቀመስኩም!" አልኩ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ?

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጎብኚው እየተጋፋ ወጥቶ ማሯን ጠርጎ ገዛት። ይማርሽ ባዶ ባልዲዋን አንጠልጥላ "ነገም እንዲሁ ተናዘዝ" ብላኝ ሄደች።

ወሬው ቀድሞኝ ቤት ደርሷል። ብርቅዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

"ሃያ ስድስት ዓመት በእመቤቴ ስም በሐሰት አስማልኸኝ!"

ከልቤ አፈርኩ። ነጠላዋን አንስታ ወደ ይማርሽ ቤት ገሰገሰች። ጸጉር ሊነጫጩ ነው ብዬ ስጨነቅ ቆየሁ።

አመሻሽ ላይ ተመለሰች።

"እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ታረቅን" አለች። "ነገ ጠላዬን ይዤ ሙዚየሙ በር ላይ ከጎኗ ለመሸጥ እቀመጣለሁ።"

"እሰይ!"

"አንተ ደግሞ ከማሩ ጋር ጠላም ሰርቄያለሁ በል።"

"ኧረ ብርቅዬ! ጠላ እንኳ አልሰረቅሁም፤ በማርያም እምላለሁ!"

"አንተን ማን ያምንሃል?" አለችኝ።