በካሶኒ ውስጥ የተቀበረ አሸዋ

«ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ትያለሽ፣ እመቤት?»

የጠየቀኝ መኪና ሻጩ ክላይድ ነበር። ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋቸውና ጠበቀኝ። የምፈልገውን አውቃለሁ፤ ወረቀቱን ግን ማንበብ አልችልም ነበር። የማነብ ለመምሰል ጣቴን አንዱ መስመር ላይ አሳረፍኩ።

ባሌ ዋይኖ ከጎኔ ቆሟል። ማንበብ አለመቻሌን የምታውቀው እናቴ ከሞተች ወዲህ የሚያውቀው እሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። «አንብቢና ንገሪን እንጂ» አለኝ፣ ጥርሱን አሳይቶ። ክላይድ ቀልድ መሰለውና አብሮት ሳቀ። እኔ ወረቀቶቹን መልሼ ገፋሁና «እሱ ያውቃል» አልኩ። ይህን ቃል በትዳሬ ዘመን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ፒክአፖቹ ደጅ ቆመዋል፤ ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። አንደኛው የኋላ ጎማው ብቻ የሚገፋው ነው። ሌላው ፎር ዊል ነው፣ ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክርለት፣ ከመሬትም ትንሽ ከፍ ያለ። ይህን ለመለየት ፊደል አያስፈልግም፤ ጎንበስ ብሎ ከሥር ማየት ይበቃል። እኔም ወንዶቹ ሲያወሩ ጎንበስ ብዬ አይቻለሁ።

አያቶቻችን ከፊንላንድ መጥተው በሰፈሩበት በዚህ ዳርቻ፣ ከሐይቁ የሚነሳው ደመና በረዶውን የሚያራግፈው እኛ ላይ ነው። ከቤታችን እስከ አውራ ጎዳናው ያለው መንገድ ዳገት ነው፤ የአውራጃው በረዶ ጠራጊ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ጨርሶ ነው ወደ እኛ የሚመጣው። ባለፈው ክረምት የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን ታይሚ አስሟ ሲነሳባት አሮጌው መኪናችን ዳገቱን እምቢ አለ። እንጨት በምንጎትትበት ሸርተቴ ላይ አስተኝተን ነው አውራ ጎዳናው ያደረስናት። ትንፋሿን ለመስማት በየአሥር እርምጃው እቆም ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪና ሲወራ እኔ የማስበው ስለዚያ ትንፋሽ ነው። ሐኪሙም ሲሸኘን በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ዘግይታችሁ እንዳታመጧት ብሎኛል።

ነገር ግን እኛ ዘንድ መኪና የሚመረጠው ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያው ቤት ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውናው ሲሞቅ ወንዶቹ ቀድመው ይገባሉ፣ እኛ ከልጆቹ ጋር በኋላ። እነሱ ቆዳቸው ቀልቶ ሲወጡ ነገሩ ሁሉ ተወስኖ አልቋል። ዋይኖና ወንድሙ አርቮ ያን መኸር ሦስት ቅዳሜ ስለ ፒክአፕ ተማክረዋል። ፎር ዊል ከደቡብ ለአደን የሚመጡ ከተሜዎች መጫወቻ ነው አሉ። ነዳጅ ይጠጣል፣ ፊት ለፊት ያለው ብረት ሁሉ ይሰበራል፣ ሰውን ያደፋፍርና ጫካ ውስጥ ወስዶ ይቀረቅረዋል አሉ። አባታቸው ዕድሜውን ሙሉ የነዳው በኋላ ጎማ የሚገፋ ነው፤ ካሶኒው ላይ፣ ከኋላ ባለው ዕቃ መጫኛ፣ አሸዋ ጭኖ፣ ጥሩ የበረዶ ጎማ አስሮ።

ያሉት ሁሉ ሐሰት አልነበረም። ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው አሸዋ እስከጫነ ድረስ በኋላ ጎማ በሚገፋ መኪናም ክረምቱን ይዘልቃል። እኛ ግን ሜዳ ላይ አይደለንም። ይህን ለዋይኖ ነገርኩት፣ ለምኜም ነገርኩት።

«አንቺ አትነጂም፤ ምን አገባሽ?» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አልነዳም ነበር። መንጃ ፈቃድ ለማግኘት የጽሑፍ ፈተና አለ። እኔ እናቴ ስትታመም ከሦስተኛ ክፍል ወጥቼ ድንች ስለቅም ያደግኩ ነኝ፤ ቤታችን ፊንላንድኛ ብቻ ነበር የሚነገረው፣ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የለመድኳት ትንሽ ፊደልም ጠፋችብኝ። ስሜን እጽፋለሁ፤ ሂልያ። ከዚያ በላይ አልችልም ነበር።

የኋላ ጎማ የሚገፋውን ገዛ።

እስከ ገና ድረስ መኪናው ጥሩ ሄደ፣ ዋይኖም ዳገቱን በወጣ ቁጥር ወደ እኔ ዞር ብሎ ያየኝ ነበር። ስምንት ከረጢት አሸዋ ካሶኒው ላይ፣ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ደርድሯል። አሸዋ ሁለት ሥራ አለው። ጎማውን ተጭኖ መሬት ያስይዘዋል፤ መኪናው ሲቀረቀር ደግሞ ከረጢቱ ተቀዶ ከጎማው ሥር ይበተናል። ይህን የእኛ አገር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ዋይኖ ግን ከገና በኋላ በረዶውን ከካሶኒው ላይ መጥረግ ተወ። እንዲያውም ግቢውን ሲጠርግ በአካፋ እያነሳ ከረጢቶቹ ላይ ይከምር ጀመር። በነጻ የተገኘ ክብደት ነው አለ። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ እኔም ሲያደርግ አይቼ ምንም አላልኩም። ይህን ዝምታዬን ለራሴ ይቅር አላልኩም።

በጥር አጋማሽ ሁለት ቀን ዝናብ ጣለ። በሦስተኛው ቀን ብርዱ ተመለሰ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ታይሚ ከአልጋዋ ተነስታ ወደ ማድ ቤት መጣችና ወንበር ይዛ ቆመች። ሳታወራ ነው ያወቅኩት፤ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ እያለ ነበር። የምትስበውን መድኃኒት ሰጠኋት፤ ጥቂት ቆይቼ ደገምኩላት። አልተሻላትም።

ዳገቱ አናት ላይ ወይዘሮ ካይሳ ቴርቮ ትኖራለች። ባሏ ሲሞት የተወላት አሮጌ ፎር ዊል አላት፤ በሰባ ዓመቷ ራሷ ትነዳዋለች። ደውዬ ልጥራት ስል ዋይኖ ስልኩን ከእጄ ወስዶ መልሶ ሰቀለው።

«መኪና የለንም እንዴ?» አለ። «ነገ አገር ምድሩ እንዲያወራብኝ ነው?»

ልጄን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ፒክአፑ ውስጥ ገባሁ። ዳገቱ እንደ መስተዋት ያበራል። መሀሉ ድረስ ወጣን፤ ከዚያ የኋላው ጎማ መዞር እንጂ መሄድ አቆመ። ዋይኖ ነዳጅ ጨመረ። ጎማው በረዶውን አቀለጠው፣ አቅልጦም ይበልጥ አንሸራታች አደረገው። መኪናው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተንሸራተተና አንድ እግሩን ቦይ ውስጥ ከተተ።

አሸዋ አምጪ አለኝ። ወርጄ ካሶኒው ላይ ወጣሁ። አሸዋ የለም። ማለቴ አለ፣ ከሥር ይታየኛል፤ የከመረው በረዶ ዝናቡን ጠጥቶ፣ ከረጢቶቹን ሁሉ ውጦ አንድ ድፍን ግግር ሆኗል። በአካፋ መታሁት፣ አካፋው ነጥሮ ተመለሰ። በመጥረቢያ መታሁት። ስምንቱ ከረጢት እንደ ድንጋይ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ የተፈለጠልኝ እፍኝ የማይሞላ ነበር። እሱን ወርውሬ ከጎማው ሥር በተንኩት። ዋይኖ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ጨምሪ ይለኛል። ጋቢናው ውስጥ የታይሚ ከንፈር መልኩ ተለውጧል።

የዚያን ጊዜ የተሰማኝን በትክክል ላስቀምጠው። ፍርሃት አልነበረም፤ ፍርሃቱን ቀደም ብዬ ጨርሼዋለሁ። ንዴት ነው። መጥረቢያ በእጄ ነበር፤ ምን ላደርግበት እንደምችል ራሴን ፈርቼ ወደ በረዶው ወረወርኩት።

በሩን ከፍቼ ልጄን አወጣሁና ጀርባዬ ላይ አዘልኳት።

«ወዴት ነው?» አለ ዋይኖ።

«ካይሳ ጋ።»

«ቆይ፣ ሊወጣ ነው። ትንሽ ነው የቀረው። ሂልያ፣ ሊወጣ ነው እኮ እያልኩሽ!»

ዞር ብዬም አላየሁት። በመንገዱ ጠርዝ፣ ጠንካራ በረዶ ባለበት ወጣሁ። ሁለት ጊዜ በጉልበቴ ወደቅኩ። ከኋላዬ የሞተሩ ጩኸት ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማኛል፤ ጆሮዬ አጠገብ ደግሞ የልጄ ትንፋሽ ያፏጫል። ሁለቱን ድምፅ አንድ ላይ ያልሰማ ሰው ስለ መኪና አይምከረኝ።

ካይሳ በመስኮት አይታኝ ኖሮ እኔ ሳልደርስ ኮቷን ለብሳ ወጥታለች። መኪናዋን አስነሳች፣ ከዚያ ወርዳ በረዶው ላይ ተንበረከከችና የአንዱን የፊት ጎማ መሀል በእጇ አዞረች፤ ዞራ ሄዳ የሌላውንም አዞረች። የዚያ ዘመን ፎር ዊል ወርደው ካላያያዙት በቀር የፊት ጎማው አይጎትትም። ጉልበቷ ይንቋቋ ነበር። ስትነሳ በሩን ይዛ «የእኔም ጉልበት እንደዚህ የሚዞር ቢሆን» አለች፣ ለታይሚ ነው ያለችው። ታይሚ ለመሳቅ ሞከረች፤ ሳሏን ቀሰቀሰባት።

ሄድን። አራቱም ጎማ እየቧጠጠ ሄድን። አውራ ጎዳናው መገናኛ ላይ ካይሳ ፍሬን ስትይዝ ግን መኪናው አልቆመም፤ ተንሸራቶ መሀል መንገድ ገባ። እግዜር አዳነን፣ የሚመጣ መኪና አልነበረም።

«ይህን ልብ አድርጊ፣ ልጄ» አለችኝ መሪውን እያስተካከለች። «ለመነሳት ነው አራት እግር ያለው። ለመቆም ሁሉም መኪና እኩል ነው።»

«እኔ መቼ ልነዳ» አልኳት።

«እንጃ። መቼ ነው የምትነጂው?»

ሆስፒታል ሐኪሙ ታይሚን ተቀብሎ የመተንፈሻ ጭምብል አደረገላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ መቼ እንደጀመራት ጠየቀኝ። ነገርኩት። ቀጥሎ እስካሁን የት ነበራችሁ አለኝ። ዳገት ላይ አልኩት። ልጄን ሁለት ቀን አስተኝተው አዳኗት።

ዋይኖ በማግስቱ መጣ፤ አበባ ይዞ ነበር። አርቮ ፒክአፑን በትራክተር ጎትቶ እንዳወጣው የነገረችኝ ካይሳ ናት። ዋይኖ ግን በሳምንቱ የሰፈሩ ሱቅ ውስጥ፣ እኔ ዱቄት ስገዛ ከመደርደሪያው ጀርባ መኖሬን ሳያውቅ፣ መኪናው በራሱ እንደወጣ ሲያወራ ሰማሁት። ሴትዮዋ ደንግጣ እንጂ አምስት ደቂቃ ብትታገሥ ኖሮ እያለ። ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዱቄቱን ትቼ ወጣሁ። ውሸቱ አልነበረም ያነደደኝ፤ ነገ ይኸው ነገር ቢመጣ እንደገና ስልኩን ከእጄ ወስዶ እንደሚሰቅል ያን ጊዜ ስለገባኝ ነው።

የዚያኑ ዕለት ካይሳ ጋ ወጣሁና ማንበብ እንደማልችል ነገርኳት። በአፌ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ካይሳ የሠራችውን ጣፋጭ ዳቦ እየቆረጠች አውቃለሁ አለችኝ። የቤተ ክርስቲያን መዝሙር መጽሐፌን ገልብጬ ይዤ አይታኛለች፤ አራት ዓመት ሆኖታል።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?» አልኳት። በእሷም ተናደድኩ።

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?» አለችኝ።

ያን ክረምት በሳምንት ሦስት ቀን፣ ዋይኖ እንጨት መሰንጠቂያው ሥራ ላይ ሲውል፣ እሷ ጋ ተማርኩ። የልጆች መጽሐፍ አልፈለግኩም። መንጃ ፈቃድ ለሚወስዱ የሚሰጠውን የሕግ መጽሐፍ አምጥታልኝ በእሱ ጀመርን። መጀመሪያ የለየሁት ቃል «ቁም» የሚለው ነው፤ ምልክቱን አውቀዋለሁና። ቀጥሎ «ቅድሚያ ስጥ»። አንድ ገጽ ለመጨረስ ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ ጊዜ አለ። መጽሐፉን ልወረውረው የተነሳሁባቸውም ቀናት አሉ፤ አንድ ቀንም ወርውሬዋለሁ። ካይሳ አንሺው አላለችኝም፤ እስካነሳው ድረስ ሹራብ ትሠራ ነበር። ታይሚ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታግዘኝ ነበር፤ ስሳሳት ሳቅ ሲይዛት የኮቷን እጅጌ አፏ ውስጥ ትከታለች።

ፈተናውን በሰኔ ወሰድኩና ወደቅኩ። በነሐሴ እንደገና ወስጄ አለፍኩ፤ መንዳቱንም ካይሳ በራሷ መኪና አለማመደችኝ።

ካይሳ ዓይኗ እየደከመ ስለነበር የዚያን መኸር መንዳት አቆመች። መኪናውን ለእኔ ሰጠችኝ፤ እስክትሞት ወደ ከተማ ላመላልሳት ተስማማን። ዳገቱን ነድቼው ስወርድ ዋይኖ ግቢው ውስጥ እንጨት እየፈለጠ ነበር። ከሰማያዊው ፒክአፕ አጠገብ አቆምኩት። ወጣሁና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ብዙ ተናገረ። የሞተ ሰው ዝገት ነው አለ። አርቮ ምን ይለኛል አለ። የጽሑፍ ፈተናውን ካይሳ ሠርታልሽ ነው እንጂ አንቺ አታልፊም አለ። ይህን ሲል ታይሚ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዋይኖ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው የምር የሚሆነው።

«ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ከዚህ ግቢ ይወጣል» አለ።

«ታይሚ ሲያማት ስልኩን ከእጄ ነጥቀህ ሰቀልከው» አልኩት። «ያን ቀን ተሳስቻለሁ በል። ሌላ አልፈልግም። በልና ሁለቱም መኪና እዚሁ ይቁም።»

መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰክቶ ቆመ። ጠበቅኩት። እውነቴን ነው፣ ቢለው ኖሮ ወጡን አሙቄ አቀርብለት ነበር። ልጄም እየጠበቀች ነበር።

«መኪናው ሊወጣ ነበር» አለ።

ዋይኖ የመጀመሪያው በረዶ ሊጥል ሲል ሰማያዊውን ፒክአፕ ይዞ ሜዳው ላይ ወደሚኖረው ወንድሙ ሄደ። እኔና ታይሚ ዳገቱ ሥር ቀረን።