የተደፈነው በር

መጀመሪያ ከግንቡ በላይ ብቅ ያለው ምርኩዝ ነበር።

"ያዝልኝ ልጄ" አለ ከወዲያ በኩል አንድ ድምፅ። "ቀጥሎ እኔ ነኝ።"

ግንበኛው የያዘውን የቀለም ብሩሽ ባልዲው አፍ ላይ አጋድሞ ምርኩዙን ተቀበለ። ከምርኩዙ በኋላ ባርኔጣ መጣ። ከባርኔጣው ሥር መላጣ ራስ፣ ከዚያ እስከ ጉልበቱ በነጭ ፋሻ የተጠቀለለ እግር ተከተለ። ግንበኛው መሰላሉን እየሮጠ አምጥቶ አስደገፈና ሽማግሌውን በብብታቸው ይዞ እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ቀስ አድርጎ አወረዳቸው።

"አንተ ነህ በሬን የበላኸው?" አሉ ሽማግሌው ኮታቸውን እያራገፉ። የተቆጡ አይመስሉም። የጠፋበትን ዕቃ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር አነጋገራቸው።

"አባባ፣ እርስዎ ማን ነዎት?"

"ከኋላ ያለው ቤት ባለቤት ነኛ። ዕድሜዬን በሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ስለኖርኩ ሰፈሩ ሾፌሩ ይለኛል። እግሬን ልታከም ልጄ ዘንድ ከርሜ ትናንት ብመለስ መንገዴ ግንብ ሆኖ ጠበቀኝ።"

"ታዲያ ትናንት ቤትዎ እንዴት ገቡ?"

"ከጀርባ ያለው ባለሱቅ በመጋዘኑ አሳለፈኝ። በዱቄት ጆንያ ላይ እየተንፏቀቅኩ ገባሁልህ። ዛሬ እሱም ዝግ ነው፤ በርሜል ላይ ቆሜ ነው ግንቡን የወጣሁት። ይሄ ቁስል ደግሞ በየቀኑ ሐኪም ቤት ካልታጠበ እግሩን ታጣዋለህ ብለውኛል።" ምርኩዛቸውን ተቀበሉት። "ሾፌር መንገድ ሲዘጋበት አይሳደብም፤ ይዞራል። እኔ ግን የምዞርበት የለኝም።"

ግንበኛው ዞሮ ነጩን ግንብ አየ።

ቤቱን የገዙት እሱና ታላቅ እህቱ ነበሩ። አሮጌ ቤት ገዝቶ፣ አድሶ፣ አትርፎ መሸጥ የሚለው ሐሳብ የሱ ነው። ለዓመታት የሰው ግድግዳ ሲለስን በውስጡ ስለሚኖሩት ሰዎች እያሰበ፣ አንድ ቀን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የራሱ እጅ የዋለበት ቤት እያለመ ነው የኖረው። ሙያው ከሱ፣ ገንዘቡ ከእህቱ። እህቱ ፀጉር ሠሪ ናት። ተበድራ ስትሰጠው ልጆቿን የምታሳድግበትን ቤት ለባንክ አስይዛ ነው።

ሲገዙት ግቢው ውስጥ፣ በኋላኛው ግንብ ላይ፣ አንዲት ጠባብ የብረት በር ነበረች። ሻጩ "እሷ የድሮ ናት፤ ሽማግሌው በጀርባ ነው የሚወጣ የሚገባው፤ ድፈኗት" አላቸው። ግንበኛው ያን ጊዜ ያየው ነገር ነበር። ከዚያች በር እስከ ዋናው በር ድረስ ሣር የማይበቅልበት፣ እግር ያለሰለሰው ቀጭን መንገድ ተዘርግቷል። ማንም የማይሄድበት መንገድ እንዲያ አይሆንም። አይቶ ዝም አለ። በሩን በብሎኬት ደፍኖ ለሰነው፤ መንገዱንም ሰድል አነጠፈበት። መጋጠሚያው እስከማይታይ ድረስ ነበር የለሰነው። በዚያ ሥራው ኮርቶ ነበር።

"የጀርባ በር አለዎት ብለውኝ ነበር" አለ አሁን።

"ነበረኝ። ከጀርባዬ ፎቅ ሲሠራ ተዘጋ። ያኔ ነው የሻጭህ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ 'ጎረቤቴ ተቀብሮ አልቀመጥም' ብለው ይቺን በር ያወጡልኝ።"

"ወረቀት አለዎት?"

"ከጎረቤት ጋር ደግሞ የምን ወረቀት? እኔ ሳልፍ እሳቸው እጅ ይነሱኛል፤ እኔም ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ይኸው ነው ወረቀታችን።"

የግንበኛው ስልክ ጮኸ። ደላላው ነበር፤ ሰፈሩ "እጅ በእጅ" የሚለው።

"አለቃ፣ ገዥዋ መንገድ ላይ ናት! ዛሬ ካልተፈረመ ሌላ ቤት ታያለች። ቀለሙ ደረቀ?"

"ሊደርቅ ነው።"

"እፍ እያልክም ቢሆን አድርቀው።"

ግንበኛው ስልኩን ከዘጋ በኋላ ሽማግሌውን የተገለበጠ ባልዲ ላይ አስቀመጣቸው። ወደ ጥግ ሄደና ቤቱን ሲገዙ ውሉን ላየላቸው ጠበቃ ደወለ። ነገሩን በችኮላ አስረዳው።

"ስትገዙ በሩ ይታይ ነበር?" አለ ጠበቃው።

"ይታይ ነበር።"

"እንግዲያው ሻጩን ከስሼ እረታለሁ ብለህ ብዙም አትመካ። የሚታይን በር አላየሁም ብለህ ዳኛ ፊት ስትቆም፣ ዓይንህን ታከም ነው የምትባለው።"

"እኔስ ብሸጠው?"

"ሰውዬው የማለፍ መብት ካለው መብቱ ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል። ባለቤት ስለተቀየረ አይጠፋም። ልብ በል፣ ላንተ ይታይ ነበር፣ ለገዥዋ ግን አይታይም። የደበቅከው አንተ ነህ። ውሉን ልታስፈርስብህ ትችላለች፤ ኪሣራም ትጠይቃለች።"

"ወረቀት እኮ የላቸውም።"

"ባይኖራቸውስ? መውጫ የሌለውን ሰው ሕግ ግንብ ውስጥ ትቶት አይሄድም። ወይ ንገራት፣ ወይ አትሽጥ።"

እህቱ ስትደርስ ጣቶቿ ላይ ያለው የፀጉር ቀለም ገና አልለቀቀም ነበር። ሥራ አቋርጣ ነው የመጣችው። ባልዲው ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ አየች፣ ፋሻውን አየች፣ ወንድሟን በክንዱ ጎትታ ወጥ ቤት አስገባችው። አዲሱ ቀለም ዓይን ያቃጥላል። ሰምታው ስትጨርስ የቧንቧውን ጫፍ ያዘች።

"ስንት ይፈልጋሉ?"

"ገንዘብ አልጠየቁም፣ እታለም።"

"እኔን የሚያስፈራኝ ገንዘብ የማይጠይቅ ሰው ነው።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስማኝ። ዛሬ ትፈርም። ከዚያ በኋላ የበሩ ነገር የእሷና የሳቸው ጉዳይ ነው።"

"ጠበቃው ግን..."

"ባንክ የተያዘው የጠበቃው ቤት ነው? የኔ ነው! የተሰጠኝ ጊዜ በዚህ ወር ያልቃል። ልጆቼን ይዤ የት ልግባ? የለሰንከው ግድግዳ ውስጥ?"

"ውሉ ቢፈርስስ? ያኔም የሚሄደው ያንቺ ቤት ነው።"

"ያኔ ያኔ ነው። እኔ ዛሬን ልደር።" አገጩን ይዛ ፊቱን ወደራሷ አዞረችው፤ ልጅ ሳለ ፊቱን ስታጥበው እንደምታደርገው። "ዝም በል ብቻ ነው ያልኩህ። ዋሽ አላልኩህም።"

"እሺ" አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው።

ገዥዋ ፋርማሲስት ነበረች፤ ረጋ ያለች፣ የምትጠይቀውን የምታውቅ ሴት። እጅጌዋን የያዙ፣ ነጭ ሹራብ የለበሱ እናቷ አብረዋት ገቡ። እናትየው ግቢውን ሳይሆን የተከፈተውን ዋና በር ዞረው ዞረው ያያሉ። ደላላው ከኋላቸው ገብቶ በሩን ዘጋ።

"ይግቡ ዶክተር፣ ይግቡ!"

"ዶክተር አይደለሁም።"

"ያው ነው፣ መድኃኒቱ ከርስዎ እጅ ነው።"

ፋርማሲስቷ አልሳቀችም። ቧንቧዎቹን ከፍታ ዘጋች። ጣሪያው ላይ የውሃ ምልክት ፈለገች። የኤሌክትሪክ መስመሩን የቀየረው ፈቃድ ያለው ባለሙያ መሆኑን፣ ግብሩ መከፈሉን፣ መታጠቢያ ቤቱ ሲስፋፋ ፈቃድ መውጣቱን ጠየቀች። ቤቱ ዕዳም እገዳም እንደሌለበት ራሷ አጣርታ ነው የመጣችው። ግንበኛው ሁሉንም በእውነት መለሰላት። የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር።

ግቢ ሲወጡ ፋርማሲስቷ ወደ ኋላኛው ግንብ ሄዳ ነጩን ልስን በመዳፏ ዳበሰችው።

"ቤቱ ጥሩ ነው" አለች። "የወደድኩት ግን ግቢውን ነው። አንድ በር ብቻ ነው ያለው። እናቴ ክፍት ነገር ካየች ትወጣለች። ከወጣች ደግሞ ስሟንም አታውቀው። ሁለት ጊዜ ጠፍታብኛለች። ባለፈው ያገኘናት የመኪና መንገድ መሐል፣ በባዶ እግሯ ነው።" እናቷን መለስ ብላ አየች። "እዚህ ያንን በር ከቆለፍኩ ሥራዬን ተረጋግቼ እሠራለሁ።"

እህቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ግንበኛው እናትየውን አየ። ሽማግሌው አንድ ቀን ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። ይፈረድላቸዋል። በሩም ይከፈታል፣ ምናልባት ልጅየዋ ሥራ በሄደችበት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ያለው ሳይፈልገው ታየው፤ ነጭ ሹራብ፣ የመኪና መንገድ።

ሾፌሩ ከባልዲው ላይ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

"እሳቸው ማን ናቸው?" አለች ፋርማሲስቷ።

"የግንበኛው አባት ናቸው" አለ ደላላው፣ ትንፋሽ ሳይወስድ። "ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ነው።"

ሾፌሩ ግንበኛውን አዩት። ረጅም ጊዜ ነው ያዩት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አነሡ።

"አዎ፣ ልጄ ነው። እጁ ወርቅ ነው። እሱ የደበቀውን ማንም አያገኘውም።" እያነከሱ እስከ ዋናው በር ሄዱና ዘወር አሉ። "ልጄ፣ ስመለስ በየት ልግባ?"

"በየት ማለት?" አለች ፋርማሲስቷ።

ደላላው ሳቀ። "አባባ ዕድሜያቸው ስለገፋ..."

ግንበኛው ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ። ወደ ግንቡ ሄዶ ተንበረከከና ከሰድሉ ጀምሮ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ላይ ሳበ። ትከሻው ጋ ሲደርስ ተነሣ፣ ከራሱ በላይ አሳለፈው፣ ወደ ጎን አዞረው፣ መልሶ እስከ መሬት አወረደው። እንከን በሌለው ነጭ ልስን ላይ አንዲት ጠባብ በር ተሳለች።

"እዚህ ጋ በር ነበር" አለ ሳይዞር። "የሳቸው ነው። ቤታቸው ከዚህ ግንብ ኋላ ነው፤ ሌላ መውጫ የላቸውም። የደፈንኩት እኔ ነኝ። አባቴም አይደሉም።"

ፋርማሲስቷ የእርሳሱን መስመር ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ተከተለች።

"እናቴን ይዤ ከገባሁ በኋላ ቢሆን ኖሮ..." አለች ፋርማሲስቷ፤ አልጨረሰችውም። የእናቷን እጅ ያዘች። "እማዬ፣ ነይ እንሂድ።" በሩ ላይ ስትደርስ ለደላላው "አስቤበት እደውላለሁ" አለችው።

መኪናዋ እስክትነሣ ደላላው ራሱን ይዞ ቆመ።

"'አስቤበት እደውላለሁ' በኛ ቋንቋ ደኅና ሰንብቱ ማለት ነው!" ሲል ፈነዳ። "ሰው አፉን ይደፍናል፤ አንተ በር ደፍነህ አፍህን ትከፍታለህ? በል ሰውዬ፣ ከእንግዲህ ስልኬን እርሳው!"

በሩን ወርውሮ ወጣ። ሾፌሩ የተወረወረውን በር በምርኩዛቸው ያዙት።

"እስክመለስ ይደርሳል?"

"ይደርሳል፣ አባባ።"

እህቱ በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላለች። ግንበኛው ዕቃ ማስቀመጫው ገብቶ መሮና መዶሻ ይዞ ወጣ። በፊቷ ማለፍ ነበረበት።

"ያንን በር የሳልከው ቤቴ ላይ ነው። ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"ባንክ ቤት አንተ ነህ የምትሄደው። አንተ ነህ ጊዜ ስጡን የምትላቸው። እኔ አፍሬያለሁ።"

"እኔ እሄዳለሁ።"

"ጊዜ ባይሰጡስ?"

ግንበኛው እርሳሱ በሳለው መስመር ላይ የመሮውን ጫፍ አሳርፎ መዶሻውን አነሣ።

"ቆይ!"

ክንዱ አየር ላይ ቀረ። እህቱ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ዕቃ ስትገለባብጥ፣ በጥርሷ መሐል ስትሳደብ ይሰማዋል። ትልቅ ላስቲክ እየጎተተች ወጣችና ከእግሩ ሥር ሰድሉ ላይ ዘረጋችው፤ ጫፎቹንም በተሰባበረ ብሎኬት ያዘች።

"እንዳይቧጠጥ" አለች፣ ሳታየው። "ገና ይሸጣል። ከነ በሩ።"

እስክትርቅ ጠበቃትና መታ።